መርዶ ያስለመድነው ብስክሌት

ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ ሌላውን ባወራ ዋጋ የለውም። ስሜ ገዳሙ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ እድር ዳኛ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ይሄይስን ከሚወደው መንገድ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ክፉ አስቤ አልነበረም፤ ክፉ ሳያስቡ የሚበላሽ ነገር ግን ከሁሉ ይብሳል፣ የሚከሰስ ሰው ስለሌለው።

ይሄይስ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ሱቁ ከቤቴ ፊት ለፊት ያለችው ባለ ቆርቆሮ ክፍል ናት፤ ከደጇ ጀምሮ ግድግዳዋ ሁሉ ጎማ የተንጠለጠለባት። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ልጅ አልወለዱም። ቀጭን ከመሆኑ የተነሳ ባለቤቴ ባየችው ቁጥር የሚበላ ነገር ትልክለታለች፤ እሱም አመስግኖ ይቀበልና ግማሹን ብስክሌት ሊያሠራ ለመጣ ሰው ያካፍላል። ከባሕር ዳር ገዝቶ ያመጣት አንዲት አሮጌ ኮርሳ አለችው። ስለዚያች ብስክሌት ሲያወራ የሰማ ሰው በቅሎ ያለችው ባላባት ነው የሚመስለው።

እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ እህል ከቀመሰ በኋላ ኮርሳውን ይዞ ይወጣል። ሦስት መንገዶች ነበሩት። ነበሩት የምለው በእርግጥ የእሱ ይመስሉት ስለነበር ነው። አንደኛው ወደ ሉማሜ የሚወስደው ነው፤ በግራ በቀኙ የጤፍ ማሳ፣ መንገዱ ለጥ ያለ፣ ሲመለሱ ግን ነፋሱ ደረት ይዞ የሚገፋ። ሁለተኛው ወደ ሮብ ገበያ፣ ወደ ጮቄ የሚወጣው ነው፤ ጠጠሩ ጎማ ይበላል፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ገብሱ ግን ለዓይን ደስ ይላል። ሦስተኛው በአማኑኤል በኩል የሚሄደው ነው፤ ቁልቁል እስከ ጨሞጋ ድልድይ፣ ከዚያ ማዶውን ዳገት። ከሦስቱ ይሄንን ነበር የሚወደው።

አንድ ቀን፣ «ዳገት የሚወድ ሰው በአንተ አየሁ» አልኩት።

«ጋሽ ገዳሙ፣ ዳገቱን አይደለም» አለኝ፣ የብስክሌት ካቴና ዘይት እየቀባ። «ዳገቱ ራስ ላይ ድንች አለ።»

ድንቹን የምትሸጠው የብርጓል ነች። ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱ የሚያልቅበት ቦታ፣ መንገድ ዳር፣ በባሕር ዛፍ አጣና የተሠራች ዳስ አለቻት፤ እዚያ ድንች ቀቅላ በአዋዜ ትሸጣለች። ቤቷ ከዳሷ ጀርባ ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ አንድ ልጅ አላት፣ ታረቀ የሚባል። ከዳሷ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ወደ ታች ያየ ሰው መንገዱ እስከ ድልድዩ ድረስ ወለል ብሎ ይታየዋል። ብስክሌት ከድልድዩ ተነስቶ ዳሷ ዘንድ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል። የብርጓል ታዲያ ይሄይስን ድልድዩ ላይ ካየችው ዝም ትላለች፤ ዳገቱን ሲያጋምስ ድንቹን ከድስቱ ታወጣለች፤ ሲደርስ ድንቹ እጅ በማያቃጥል ልክ በርዶ ይጠብቀዋል። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፣ ሦስት ጊዜ።

«ትወዳታለህ እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው፣

«ድንቹ ጥሩ ነው» አለኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ድንቹ ጥሩ ነው ሲል ከረመ። እኔ በሰባት ዓመት ሁለት ልጅ ድሬአለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ከሁለት ዓመት በፊት መንገዱ ለመኪናም ለሞተርም የተዘጋበት፣ ስልኩም የጠፋበት አንድ ሰሞን ነበር። ከእድራችን አንድ ሽማግሌ አረፉ። እህታቸው ያሉት በሉማሜ መንገድ ገባ ብሎ ገጠር ውስጥ ነው። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ስልክ ቢኖርም አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ወደ ሥራው ሳይበተን፣ ጎረቤት አስቀድሞ አውቆ፣ ሁለት ሦስት ሰው ሆኖ ተገብቶ ነው የሚነገረው። ያን ቀን እግረኛ ብንልክ እህትየው ለቀብር አይደርሱም። ዓይኔ ይሄይስ ላይ አረፈ።

«አንተ ብትደርስልን?» አልኩት።

«እሺ ጋሽ ገዳሙ» አለ። የዚህ ሰው ችግሩ እሺ ማለቱ ነው።

ችሎታ እንዳለው ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ብስክሌቱን ከሐዘንተኛው ቤት መቶ እርምጃ ያህል ራቅ አድርጎ ያጋድማል፤ መርዶ በግልቢያ አይገባም ይላል። በእግሩ ቀስ ብሎ ጎረቤት ዘንድ ይሄዳል፤ ለጎረቤቱ ይነግራል፤ ተያይዘው ይገባሉ። አይቸኩልም፣ ነገር አያበዛም። ከተናገረ በኋላም ተነስቶ አይሄድም፤ ቁጭ ብሎ አብሮ ያለቅሳል። የእኛ እድር በጀመረው ሌሎቹም እድሮች መጡበት። መንገዱ ተከፍቶ መኪናው ከተመለሰ በኋላም ሰዉ «ይሄይስ ቢነግራቸው ይሻላል» ማለቱን አልተወም። በአንድ ዓመት ውስጥ ሠላሳ ስምንት ቤት ገባ። ቁጥሩን የነገረኝ እሱ ነው፤ ጠይቄው አይደለም። ያን ጊዜ እንኳ ሰውየው እየከበደው እንደሆነ አልገባኝም፤ እንዲያውም በእድሩ ስብሰባ ላይ አስጨበጨብኩለት።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ይሄይስ መርዶ ሳይዝ ሲያልፍም ሰው መደንገጥ ጀመረ። አንድ እሑድ በሮብ ገበያ መንገድ ሲሄድ ጎማው ፈነዳበት። ብስክሌቷን ገልብጦ መንገድ ዳር፣ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ የሚባሉ ሴት ደጅ ላይ፣ አንገቱን ደፍቶ ቁጭ አለ። ጎማ የሚለጥፍ ሰው አንገቱን ካልደፋ በምን ይለጥፋል? ሴትየዋ ውኃ ሊቀዱ ብቅ ሲሉ አዩት።

«ውይ! ውይ! ማንን ይዘህብኝ መጣህ!» ብለው ደረታቸውን መቱ።

ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ሮጠ። አፍታም ሳይቆይ ግቢው ሞላ። አንዷ ባሕር ዳር ያለ ወንድሟን፣ ሌላው አዲስ አበባ ያለች ልጁን እየጠራ ያለቅሳል፤ ማን እንደሞተ የጠየቀ የለም። ይሄይስ የውስጥ ጎማውን በእጁ ይዞ፣ «ጎማ ነው! ጎማ ፈንድቶብኝ ነው!» ይላል።

አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አንስተው፣ «በሉ ዝም በሉ፤ እያባበለን ነው፣ ቀስ ብሎ ይነግረናል» አሉ።

ጎማው እውነተኛ ቀዳዳ እንዳለው በውኃ ነክሮ፣ አረፋውን አሳይቶ ነው የተገላገለው። ከዚያ ይቅርታ ተጠየቀ፤ እህል ቀረበለት፤ ጠላ ተቀዳለት። ሊሄድ ሲነሳ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ እጁን ይዘው፣ «ደግ ሰው ነህ ልጄ፣ ግን እባክህ በዚህ አትምጣብን» አሉት። ሲነግረኝ እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ሮብ ገበያ መንገድ በዚህ ተዘጋ፤ የሉማሜውም እንደዚሁ ቀስ በቀስ ተዘጋ። በሩን የሚዘጋ፣ ልጁን ጠርቶ ወደ ቤት የሚያስገባ፣ ካለፈ በኋላ የሚያማትብ ሰው እያየ የሚጋልብ የለም።

የቀረው የጨሞጋው ነበር። የብርጓል ታዲያ ልጇ ታረቀ በክረምቱ መተማ ሰሊጥ ሊያርም ሄዶ ነበር። እስከ ጥቅምት ይደውል ነበር፤ ከኅዳር ወዲህ ስልኩ አይነሳም። ልጁ በደህና መመለሱን አሁኑኑ ልንገራችሁ። ሰሊጡ ሲያልቅ ስልኩን አስሰርቆ፣ ወደ ሌላ እርሻ ተሻግሮ፣ ወባ ታሞ ተኝቶ ነበር፤ ሰኔ ላይ ከስቶ መጣ። የሰው ልብ ሰቅሎ ማቆየት ሥራችን ሆኖ ከርሟልና በጽሑፍ አልደግመውም። ያን ጊዜ ግን ይህን የሚያውቅ ማንም አልነበረም፤ እናቱ ደግሞ ከሁሉም በታች ነበር የምታውቀው።

ጥር ላይ አንድ እሑድ ይሄይስ እንደ ልማዱ ዳገቱን ወጣ። የብርጓል ያን ቀን ጀርባዋን ሰጥታ ትሠራ ስለነበር ድልድዩ ላይ አላየችውም። ድስቱን ከእሳት አውርዳ ዞር ስትል ብስክሌቱ ደጇ ላይ ነው። ድስቱ ከእጇ አመለጠ፤ የፈላው ውኃ እግሯ ላይ ፈሰሰ። እሷ ግን እግሯን አልያዘችም። መሬት ቁጭ ብላ፣ «ንገረኝ፤ አሁኑኑ ንገረኝ» አለችው።

«ምንም አልያዝኩም! የብርጓል፣ እግርሽ!»

«ንገረኝ አልኩህ።»

በማርቆስ ታቦት ሲምልላት ነው ያመነችው። ኮርቻው ላይ አስቀምጦ፣ በአንድ እጁ እሷን፣ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ፣ እየገፋ ጤና ኬላ አደረሳት። እግሯ በፋሻ ታስሮላት ወደ ቤቷ ከመለሳት በኋላ፣ «ከእንግዲህ በዚህ መንገድ አልመጣም» ብሏት ተመለሰ። ምን እንደመለሰችለት አያውቅም፤ አልጠበቀም።

በማግሥቱ ወደ እኔ መጥቶ፣ «ጋሽ ገዳሙ፣ መርዶውን ለሌላ ሰው ስጡልኝ» አለኝ። ሰጠን። ምን ዋጋ አለው? ሰዉ የሚያውቀው ብስክሌቱን ነው። አረንጓዴ ቀለም ቀባት፤ አቀማመጡን አይተው ከሩቅ ለዩት። በመጨረሻ ኮርሳውን ግድግዳ ላይ ሰቀላት። የሰው ብስክሌት ይጠግናል፣ ይሞክራታል፤ የሚሞክራት ግን ከሱቁ ደጅ እስከ እኔ ደጅ ነው። እሑድ እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ይመጣና በረንዳዬ ላይ ቁጭ ይላል። ባለቤቴ የሰጠችውን እንኳ ማካፈል ትቶ ሳህኑን ይዞ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ፣ «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። «ስምንት ተኩል» አልኩት። «ስምንት ተኩል ላይ ዳገቱን እጨርስ ነበር» አለ። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም። ሰውን ከነሕይወቱ የቀበርኩ ሆኖ ተሰማኝ።

ፋሲካ እንዳለፈ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ለምን እንደምሄድ ለይሄይስ አልነገርኩትም። ጨሞጋን ተሻግሬ ዳገቱ ራስ ላይ ወረድኩ። የብርጓልን ያየኋት ያን ቀን ነው፤ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ዓይኗ ከመንገዱ የማይነሳ ሴት ናት። ስሜንና ከይሄይስ ጋር ያለኝን ነገር ነገርኳት። ይቅርታ ልጠይቅ መምጣቴን፣ መርዶውን ያሸከምኩት እኔ መሆኔን፣ ከእንግዲህ እሱም ብስክሌቱም በዚህ እንደማያስደነግጧት ተናገርኩ። በአስተማሪነቴ ያሳመርኩት ንግግር ነበር።

ሰምታ ስታበቃ፣ «ማን አትምጣ አለው?» አለችኝ።

«እንዴ፣ እግርሽ ተቃጥሎ...»

«እግሬ ድኗል!» ብላ ቀሚሷን ከቁርጭምጭሚቷ ገለጥ አድርጋ ጠባሳውን አሳየችኝ። ተቆጥታ ነበር። «ይኸውልዎ አባቴ፣ ሲመጣ የምፈራው ከድልድዩ እስከዚህ እስኪደርስ ነበር። ሃያ ደቂቃ ነው። ደርሶ እንደምን ሰነበትሽ ካለኝ፣ ልጄ እስከዚያ ቀን ድረስ ምንም አልሆነም ማለት ነው፤ እስከ ሌላው እሑድ እንቅልፌን እተኛለሁ። ከዚያ ቀረ። ለምን ቀረ? ሰምቶ ነው እላለሁ። ሰምቶ፣ ለእኔ መንገሩ አንጀቱን ቢበላው ነው እላለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ልጄን በየቀኑ ስቀብረው ከረምኩ። እርስዎ ደግሞ አረጋጋንሽ ይሉኛል።»

ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ሃያ ደቂቃና ሦስት ወር ማወዳደር አቃተኝ። የማደርገው ጠፍቶኝ ድንች ገዛሁ። እውነትም ጥሩ ነው።

«እሑድ ይምጣ» አለችኝ ስነሳ። «እርስዎም ይምጡና ከእኔ ጋር ይቀመጡ፤ ሃያ ደቂቃውን ብቻዬን አልችለውም።»

ለይሄይስ ስነግረው አላመነኝም። አስምሎኝ ነው ያመነው፤ መማማል ለምዶብናል። ቅዳሜ ዕለት ኮርሳውን አውርዶ ቀኑን ሙሉ ሲጠርጋት፣ ሲያጠብቃት፣ ፍሬኗን ሲፈታና ሲገጥም ዋለ። ባለቤቴ ሸሚዙን ተኮሰችለት።

የዳግማይ ትንሣኤ እሑድ በሚኒባስ ቀድሜው ሄድኩና አግዳሚው ላይ ከየብርጓል ጎን ተቀመጥኩ። ድንቹ እሳት ላይ ነው። ሰማዩ ጠርቷል፤ ድልድዩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስምንት ሰዓት ከሩብ ገደማ አንድ ነገር ድልድዩ ላይ ብቅ አለ። አውቃው የመጣ ሰው ነው፣ ጠርታው የመጣ ሰው ነው። ያም ሆኖ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። «ምንም የለም፣ እኔ አለሁ፣ ትናንት አብሬው ነበርኩ» እላታለሁ፤ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ነጠላዋን ግን ከአፏ አታነሳም። ዳገቱን ሲያጋምስ ግን ተነሳች። ድንቹን አወጣች። አንዱ ወደቀባት፤ አንስታ አጠበችው።

ይሄይስ እየተቃረበ መጣ። ላቡ፣ የተተኮሰው ሸሚዝ፣ የእግሩ አወራረድ ሁሉ ታየን። መቶ እርምጃ ያህል ሲቀረው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወረደ! ብስክሌቷን አጋደመና አንገቱን ደፍቶ በእግሩ ወደ እኛ መምጣት ጀመረ። ሠላሳ ስምንት ቤት እንደዚያ ገብቷል፤ እግሩ ለምዶት ነው። የብርጓል የድንቹን ሳህን ለቀቀችውና ክንዴን ጨመደደችው።

«አንተ ሰውዬ!» ብዬ ጮህኩ። እንደዚያ ጮኼ አላውቅም፤ ተማሪ ላይ እንኳ። «ተመለስ! ውጣባት! ጋልበህ ና!»

ቆመ። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እሷን፣ ቀጥሎ የተጋደመችውን ብስክሌት አየ። ያደረገው ሲገባው ፊቱ ተለወጠ። ሮጦ ተመለሰ፣ ዘሎ ወጣ፣ መቶውን እርምጃ እንደ ውድድር ጋልቦ ዳሷ ውስጥ ገብቶ አግዳሚውን ገጭቶ ቆመ።

«ምንም የለም» አላት እያለከለከ። «ምንም አልሰማሁም። እኔ ብቻ ነኝ።»

አለቀሰች። ረጅም ለቅሶ አልነበረም። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፣ የፈሰሰውን ድንች ለቀመች፣ የተረፈውን አቀረበችለት። እሱ ግን አልነካውም። ራሱን ይዞ፣ «ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ ይቅር በይኝ፤ እተወዋለሁ፤ ሁለተኛ አልመጣም» ይላል።

«አያ ይሄይስ፣ ዝም በል» አለችው። «ይሄ ነገር በእሑድ አይሆንም። አንተ ከማርቆስ ተነስተህ ወደ እኔ በመጣህ ቁጥር ወሬ ይዘህ ነው ብዬ እፈራለሁ። ልጄ ቢመጣልኝም እፈራለሁ፤ ልቤ ለምዶታል፣ ምን ላድርገው? ከዚህ ብትነሳ ግን፣ ጠዋት ከእኔ ደጅ ወርደህ ሥራህን ውለህ ማታ ብትመለስ፣ ያ ቤቱ የሚገባ ሰው ነው። ቤቱ የሚገባን ሰው ማን ይፈራል?»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሽማግሌ ሆኜ የተቀመጥኩት ለዚህ መሆኑን ማን ነገረኝ?  ያ ሁሉ ቤት ገብቶ፣ ያን ሁሉ ከባድ ነገር ተናግሮ ድምፁ ያልተዛነፈ ሰው አፉ ተሳሰረ።  ዝምታው ሲረዝም የእሷ ፊት መጥቆር ጀመረ፤ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ወደ ምድጃው መዞር ጀመረች። አላስችል አለኝ።

«እሺ ብሏል» አልኳት።

«ራሱ ይበለኝ» አለች።

ይሄይስ ብድግ አለ። «እመጣለሁ» አለ መጀመሪያ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ፤ አይደለም ለማለት እንደፈለገ ሰው። ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

«ማታ እገባለሁ» አላት።